ኦቦን በጎልማሳነት መጀመር፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ወደ ዝግጅት ክፍላችን ከደረሱት የሙዚቃ ጥያቄዎች መካከል ስለ ኦቦ የቀረቡት በርከት ስላሉ፣ የዚህ እትም አምድ በሙሉ ለእነርሱ ተሰጥቷል። ጠያቂዎቹ ሁሉ መሣሪያውን የጀመሩት ወይም ለመጀመር የሚያስቡት ካደጉ በኋላ ነው። ለማያውቀው አንባቢ ያህል፣ ኦቦ ርዝመቱ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ውስጡ ከላይ ጠብቦ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቁር ጠንካራ እንጨት የሚሠራ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ድምፁን የሚፈጥረው ከላይ የሚሰካው ሪድ ሲሆን፣ ይህም ሁለት ቀጫጭን የሸምበቆ ምላሶች ፊት ለፊት ተገጥመው በክር የታሰሩበት ነው። መሣሪያው አሁን ወዳለው መልኩ ማምራት የጀመረው በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት በሚያገለግሉ ሙዚቀኞችና መሣሪያ ሠሪዎች እጅ ነበር። ዛሬም ኦርኬስትራ ጨዋታውን ከመጀመሩ በፊት ሌሎቹ መሣሪያዎች የሚቃኙበትን የላ ድምፅ የሚሰጠው ኦቦ ነው።

ጥያቄ፦ የ43 ዓመት ነርስ ስሆን የምኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በልጅነቴ በመዝሙር ከማገልገል በስተቀር የሙዚቃ ትምህርት አልነበረኝም። በስትራትሞር አዳራሽ በተደረገ አንድ ኮንሰርት የኦቦን ድምፅ ሰምቼ ከልቤ ስላልወጣ፣ መሣሪያ ተከራይቼ ከአስተማሪ ጋር ጀምሬአለሁ። ችግሬ ትንፋሽ ነው። ሁለት መስመር ኖታ ሳልጨርስ ራሴን ይወጥረኛል፣ ፊቴ ይቀላል፣ አየር ያጥረኛል። ሳንባዬ በዕድሜ ምክንያት ደክሞ ይሆን? ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ ይቀጥሉ። የነገሩኝ ምልክት በኦቦ ጀማሪዎች ሁሉ ላይ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ባሉት ላይም ጭምር የሚታይ ነው፤ ምክንያቱም እርስዎ ከገመቱት ተቃራኒው ነው። አየር አላጠረዎትም፤ አየር በዝቶብዎታል።

በሪዱ ጫፍ ላይ፣ በሁለቱ ምላሶች መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ በእርሱ በኩል የሚያልፈው አየር ጥቂት ነው። ዋሽንት ወይም ፍሉት የሚጫወት ሰው ትንፋሹ ቶሎ ስለሚያልቅበት ደጋግሞ መሳብ አለበት። ኦቦ ተጫዋች ግን ሳንባውን ሞልቶ ከጀመረ፣ ሐረጉ ሲያልቅ ገና ብዙ አየር በውስጡ ይቀራል፤ ያ አየር ኦክስጅኑ እየቀነሰ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየጨመረ የሄደ ነው። እርስዎ በሙያዎ እንደሚያውቁት፣ ሰውን «ተንፍስ» እያለ የሚያስጨንቀው በዋነኛነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ነው። ታዲያ ጀማሪው ሲጨነቅ የሚያደርገው ሌላ አየር መሳብ ነው። የቆየው ሳይወጣ አዲሱ በላዩ ይጨመራል፣ ደረት ይወጠራል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ ጉሮሮ ይዘጋል፤ አንገቱ የጠበበ ሙሉ እንስራ ላይ ውኃ እንደ መጨመር ነው።

መድኃኒቱ በመጀመሪያ ማውጣትን መማር ነው። የሚለማመዱበትን ኖታ ይያዙና ትንፋሽ በሚቻልባቸው ቦታዎች ላይ በእርሳስ ሁለት ዓይነት ምልክት ያድርጉ፤ «ው» ለማውጣት፣ «ሳ» ለመሳብ። ጊዜ ባለበት ዕረፍት ላይ ሁለቱንም በተከታታይ ያድርጉ፦ ከንፈርዎን ከሪዱ አላቀው የቀረውን አየር በአንድ ጊዜ ያስወጡ፣ ከዚያ በጥቂቱ ይሳቡ። ዕረፍቱ አጭር ከሆነ ግን በመጀመሪያው «ው» ብቻ፣ በሚቀጥለው «ሳ» ብቻ ያድርጉ። አየር አውጥቶ ሳይስቡ ሌላ ሐረግ መጫወት መጀመሪያ ላይ የማይታመን ይመስላል፤ ነገር ግን ለአንድ አጭር ሐረግ የሚበቃ አየር ሁልጊዜ ይቀራል፣ ሰውነትዎም ይህን ሲለምደው ጭንቀቱ ይቀንሳል። ሲጀምሩም ሳንባዎን እስከ አፉ አይሙሉ፤ ለመናገር ያህል የሚስቡት አየር ለአራት ቀላል የኖታ ልኬቶች (ባሮች) ይበቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የምጠረጥረው ሪድዎን ነው። ለጀማሪ የሚሸጡ ብዙ ሪዶች፣ በተለይ በፋብሪካ ተሠርተው በጅምላ የሚመጡት፣ ከመጠን በላይ ወፍራምና ጠንካራ ናቸው። ጠንካራ ሪድ እንዲንቀጠቀጥ ተማሪው ከሚገባው በላይ ይገፋል፣ ሲገፋ በመንጋጋው ይነክሳል፣ ሲነክስ የሪዱ አፍ ይበልጥ ይጠብባል፣ እንደገና ይገፋል። የራስ መወጠሩ ግማሽ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። አስተማሪዎ ሪዱን በራሷ አፍ እንድትሞክረውና በቢላ ፍቃ ለእርስዎ እንድታሳሳው ይጠይቋት። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የኦቦ አስተማሪ ዋነኛ ሥራም ይኸው ነው።

ልምምድን በተመለከተ፣ ከሆስፒታል ፈረቃ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ከመቀመጥ ይልቅ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ በቀን ሁለቴ ይሻልዎታል። ከንፈር የሚይዙት ጡንቻዎች ሲደክሙ ሥራውን ጥርስ ይረከባል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ልምምድ መጥፎ ልማድ ብቻ ያስተምራል። የአፍ ጠርዝ አየር ማፍሰስ ሲጀምር መሣሪያውን ያስቀምጡ። የማዞር ስሜት ከመጣም እንዲሁ ያቁሙ፤ ትንፋሽን ከላይ እንዳልሁት አስተካክለው ቀላል ሪድም ይዘው ከቀጠለ ግን ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። በከተማው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ኦቦ መማር ከጀመርሁ አንድ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሪድ ውድ ስለሆነብኝ በቨርጂኒያ የምትኖረው እኅቴ ከዚያ ገዝታ ትልክልኛለች፤ ጥሩ ሠሪ እጅ የወጡ ናቸው ብላኛለች። አስተማሪዬ ግን ባየቻቸው ቁጥር ፊቷ ይቀየራል፣ «በእነዚህ አትጫወት» ትለኛለች። እኔም ስጫወትባቸው ቅኝቴ ይዛነፋል። ሪድ ያው ሪድ አይደለም ወይ?

መልስ፦ አይደለም፤ ምናልባትም ሁለቱም፣ አስተማሪዎም እኅትዎም፣ ትክክል ናቸው። እኅትዎ የላከችው ጥሩ ሪድ ሊሆን ይችላል፤ የተሠራው ግን ለሌላ የአጨዋወት ስልት ነው።

አንድ የአሜሪካና አንድ የአውሮፓ ሪድ ጎን ለጎን ይያዙና በመስኮት ብርሃን ላይ ይመልከቱ። በአውሮፓው ሪድ ላይ የሸምበቆው ቅርፊት የተፋቀው ከጫፉ ጀምሮ አጭር ርቀት ብቻ ነው፤ ፋቁ ሲያበቃ እንደ ላቲኑ ፊደል U የተጠጋጋ መስመር ይታያል፣ ከዚያ በታች ቅርፊቱ እንዳለ እስከ ክሩ ይወርዳል። በአሜሪካው ላይ ፋቁ ረዥም ሆኖ እስከ ክሩ ይቃረባል፤ ብርሃኑ ሲያልፍበት ከጫፉ በታች ጠቆር ያለ ልብ፣ ከልቡ በታች ግራና ቀኝ ሁለት ፈዘዝ ያሉ መስኮቶች፣ በመካከላቸውም ቅርፊቱ ያልተነካ ቀጭን አከርካሪ ይታያል። ይህ የጌጥ ልዩነት አይደለም፤ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ቅርፊት እንደ ቀረለት ሪዱ የሚጠይቀውን የከንፈር ጫና፣ የድምፁን ጥቁረትና የቅኝቱን ከፍታ ይወስናል።

የአሜሪካው ስልት በአብዛኛው የሚያያዘው ከማርሴል ታቡቶ ስም ጋር ነው። ታቡቶ ፈረንሳይ ተወልዶ በፓሪስ የተማረ፣ ከ1915 እስከ 1954 የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ቀዳሚ ኦቦ ተጫዋች የነበረ፣ በዚያው ከተማ በከርቲስ የሙዚቃ ተቋም ያስተማረ ሰው ነው፤ ዛሬ በአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ከሚቀመጡት ኦቦ ተጫዋቾች የብዙዎቹ የትምህርት ሐረግ ወደ እርሱ ይመዘዛል። ረዥሙ ፋቅ በእርሱ ዘመን ሥር ሰድዶ የአገሩ ልማድ ሆነ። በጀርመን፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ግን አጭሩ ፋቅ ቀጠለ። በዚህ ላይ የቅኝት መነሻው ራሱ ይለያል፦ በአሜሪካ የተለመደው ላ 440 ኸርዝ ሲሆን፣ በጀርመን ኦርኬስትራዎች 442 ወይም 443 ነው። ፍሉት ወይም ክላሪኔት ከፍ ዝቅ ሲል ቱቦውን አስረዝሞ ማስተካከል ይቻላል፤ የኦቦ ሪድ ግን መሣሪያው ውስጥ እስከ መጨረሻው ገብቶ እንዲቀመጥ ስለሚፈለግ፣ የቅኝቱ ከፍታ ቀድሞ በሪዱ ላይ ተወስኖ ያለቀ ነገር ነው። ስለዚህ ለ440 በተሠራ ሪድ ከጓደኞችዎ ጋር ሲጫወቱ ዝቅ ብለው ይገኛሉ፤ ከፍ ለማድረግ ሲሉ ደግሞ ይነክሳሉ፤ አስተማሪዎ ፊቷን የምትቀይረው በዚህ ይመስለኛል።

ገንዘቡን በተመለከተ ጭንቀትዎ ይገባኛል። በእጅ የተሠራ አንድ ሪድ ሃያ፣ ሠላሳ ዩሮ ሊደርስ ይችላል፣ በየቀኑ ለሚጫወት ሰው ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ነው የሚያገለግለው። ግን ዕድሜው በአያያዝ ይራዘማል። አንድ ሪድ ብቻ ይዘው እስኪሞት ከመጫወት ሦስት ሪድ ይኑርዎትና በየተራ ይጠቀሙባቸው። ከመጫወትዎ በፊት በትንሽ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ይንከሩ፤ ረዥም ሰዓት መንከር ሸምበቆውን ያሳብጠዋል፣ አፉም ከሚገባው በላይ ይከፈታል። በአፍ ብቻ ማራስ ይቻላል፣ ይሁን እንጂ ምራቅ ሸምበቆውን ቶሎ ስለሚጎዳው ንጹሕ ውኃ ይመረጣል። ቡና ወይም ሻይ ጠጥተው ሳይጉመጠመጡ አይጫወቱ። ሲጨርሱም ውኃውን አራግፈው አየር በሚገባበት የሪድ ሳጥን ያስቀምጡት፤ በጠባብ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እርጥብ ሪድ ከታሸገ ይሻግታል።

ሪድ መግዛቱ ከከበደዎት፣ ከአስተማሪዎ የሪድ ማሳሳትን መማር ከአሁኑ ይጀምሩ። ሙሉውን ሪድ መሥራት ማለቴ አይደለም፤ ሸምበቆውን መርጦ፣ ውስጡን አሳስቶ፣ ቀርጾ፣ በቡሽ በተሸፈነው 47 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ በክር አስሮ፣ ፍቆ ለመጨረስ ዓመታት ይወስዳል። ነገር ግን የተገዛን ሪድ ማስተካከል በጥቂት ወራት ይለመዳል። የሚያስፈልጉት ጥሩ ቢላ፣ ቢላውን መሳያ ድንጋይ፣ በሁለቱ ምላሶች መካከል የሚገባ ስስ ብረትና ሪዱ የሚሰካበት መያዣ ናቸው። በሞቱ ሪዶች ላይ ይለማመዱ፤ በአዲስ ሪድ ላይ የሚፈጸም ስሕተት አይመለስም። ቢላው ካልተሳለ ይቀደዋል እንጂ አይፍቀውም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጊዜ በሙሉ ቢላ በመሳል ቢያሳልፉት አይቆጭዎትም። ፍቆ ከመሞከር በፊት ደግሞ ሪዱን ብቻውን፣ ከንፈርዎን እስከ ክሩ አስጠግተው በቀላሉ ይንፉት። ሳይገፉት ወዲያው የሚጮህ ከሆነ ሕያው ነው፤ ግፊት ካልጨመሩ የማይነቃነቅ ከሆነ ጫፉ ወፍራም ነው፣ ፋቁም የሚጀምረው ከጫፉ ነው።

እኅትዎን አመስግነው፣ ከሪዱ ይልቅ ጥሩ ቢላ ቢልኩልዎ ይሻላል ይበሏቸው፤ ቢላ በሁለቱም አገር ያው ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። በኢንተርኔት 300 ዶላር የማይሞላ አዲስ ኦቦ አይቻለሁ። ለጀማሪ አይበቃም?

መልስ፦ አይግዙት። ኦቦ ላይ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ብዙ ቁልፎችና በጣም ጥቃቅን ማስተካከያ ብሎኖች አሉ፤ አንዱ ፓድ (ቀዳዳውን የሚደፍነው ለስላሳ ክዳን) በወረቀት ውፍረት ያህል ካልገጠመ ከእርሱ በታች ያሉት ድምፆች ሁሉ አይወጡም፣ ጀማሪውም ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። በዚያ ዋጋ የሚሸጡት ብረታቸው ስለሚጣመም ጠጋኝ ቢያስተካክላቸው እንኳ አይጸኑም። የታወቁ ሠሪዎች የሚያወጧቸው የተማሪ ኦቦዎች አዲሳቸው በአብዛኛው ከ2,000 ዶላር በላይ ነው፤ ስለዚህ መከራየት፣ ካልሆነም ያገለገለ ያማሃ፣ ፎክስ ወይም ሃዋርዝ በጠጋኝ አስመርምሮ መግዛት ይሻላል። ሲመርጡ የግራ እጅ ፋ ቁልፍ እንዳለው ያረጋግጡ። የላይኛውን ክፍል ለብቻው ይዘው ቀዳዳዎቹን በጣት ይዝጉ፣ የታችኛውን ጫፍ በመዳፍ ይድፈኑና ከላይ አየሩን ይምጠጡ፤ ከንፈርዎን ሲያላቅቁ «ጧ» የሚል ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፣ አየሩ ዝም ብሎ ከገባ የሚያፈስ ፓድ አለ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በምሽት ቤቶች አልቶ ሳክስፎን የምጫወት የ35 ዓመት ሰው ነኝ። ወደ ኦቦ መሻገር እፈልጋለሁ። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ መሣሪያ ይዞልኝ ሊመጣ ቃል ገብቶልኛል። የእንጨት ነው የሚሻለው ወይስ የፕላስቲክ? የሳክስፎን እውቀቴስ ምን ያህል ይረዳኛል?

መልስ፦ የፕላስቲክ ይበሉት፤ ቢያንስ የላይኛው ክፍል የፕላስቲክ የሆነ። እንጨት የተሻለ ድምፅ ይሰጣል የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ፤ የእርስዎ ከተማ አየር ግን ለእንጨት ኦቦ ፈታኝ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሌሊቱና ጠዋቱ ይቀዘቅዛል፣ እኩለ ቀን ይሞቃል። የቀዘቀዘ እንጨት ውስጡ በሞቃትና እርጥብ ትንፋሽ በድንገት ሲመታ ውስጡ ያብጣል፣ ውጩ ግን ያው እንደ ደረቀ ይቀራል፤ ስንጥቁ የሚመጣው ያኔ ነው፣ ብዙ ጊዜም በላይኛው ክፍል ላይ። ስንጥቅ የሚጠግን ባለሙያ በቅርብ ከሌለ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። አጎትዎ የእንጨት ይዘው ከመጡ ግን አይመልሱት፤ ከመንፋትዎ በፊት የላይኛውን ክፍል በብብትዎ ሥር ይዘው ያሙቁት፣ አዲስ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከአሥራ አምስት ደቂቃ አያሳልፉ፣ በየመካከሉ ውስጡን በጨርቅ ያድርቁ፣ በሳጥኑ ውስጥም ጥቂት እርጥበት የሚሰጥ ነገር ያኑሩ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጥቀስ። የኦቦ እንጨት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በሳይንሳዊ ስሙ ዳልበርጂያ ሜላኖክሲለን ከሚባለው ዛፍ ሲሆን፣ ለንግድ በብዛት የሚቆረጠው በታንዛኒያና በሞዛምቢክ ነው፤ ዛፉ ግን በእኛም አገር ቆላማ ደረቅ አካባቢዎች በተፈጥሮ ይበቅላል። ዝርያው ዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ቢደረግበትም፣ ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከ2019 መጨረሻ ወዲህ ከቁጥጥሩ ውጭ ስለሆኑ አጎትዎ በዚህ ረገድ አይቸገሩም።

ሳክስፎኑ ይረዳዎታል፣ ያሳስትዎታልም። የግራ እጅ ሦስት ጣቶች በሁለቱም ላይ ሲ፣ ላ፣ ሶል ይሰጣሉ፤ ሚ እና ሬም እንዲሁ ይመሳሰላሉ። ወጥመዱ ፋ ላይ ነው። በሳክስፎን በሦስቱ የግራ ጣቶች ላይ የቀኝ አመልካች ጣት ሲጨመር ፋ ይወጣል፤ በኦቦ ግን ያው አቀማመጥ ፋ ዲየዝ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ፋ) ነው። ለፋ ኦቦ ሦስት የተለያዩ አቀማመጦች አሉት፣ የትኛው እንደሚያዝ የሚወሰነውም በፊቱና በኋላው ባለው ድምፅ ነው፤ ይህን ከመጀመሪያው በትዕግሥት ካልተማሩት ጣትዎ ሁልጊዜ ወደ ሳክስፎኑ ይሄዳል። ኦክታቭ መዝለሉም፣ ማለትም ያንኑ ድምፅ ወደ ላይኛው ከፍታ ማሻገሩ፣ ይለያል፦ በሳክስፎን አንድ ቁልፍ በአውራ ጣት ይጫናል፤ በኦቦ ግን ለመካከለኛው ሬ እና ለጎረቤቶቹ አመልካች ጣት በቁልፉ ላይ ወደ ታች ተንሸራቶ ትንሿን ቀዳዳ ይገልጣል፣ ከሚ ጀምሮ አንድ የኦክታቭ ቁልፍ፣ ከላ ጀምሮ ሌላ የኦክታቭ ቁልፍ ይመጣል። አመልካች ጣቱን አያንሱት፤ ያንሸራቱት።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግርዎ አፍዎ ነው። በሳክስፎን የላይኛው ጥርስ በመሣሪያው መንፊያ ላይ ያርፋል፣ አየሩም በብዛት ይፈስሳል። በኦቦ ሁለቱም ከንፈሮች በጥርስ ላይ ይታጠፋሉ፣ ሪዱ በእነርሱ መካከል ይያዛል፣ ወደ አፍ የሚገባውም ጫፉ ብቻ ነው። አየሩ ጥቂት፣ ግፊቱ ብርቱ ነው። ሳክስፎንዎን አይተዉ፤ ነገር ግን በአንድ ምሽት ሁለቱን አይደራርቡ፣ ኦቦውን ከሥራ በፊት ከንፈርዎ ሳይደክም ይለማመዱ።

ስለ ሪድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ በዝቅተኛ ቦታ ተሠርቶ ያለቀ ሪድ እዚህ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ደንዝዞ፣ መልስ እየዘገየበት ይገኛል። አጎትዎ ሲገዙ ለስላሳውን ዓይነት እንዲመርጡ ይንገሯቸው፣ ቢላም አብሮ ይምጣ። በአካል የሚያስተምርዎ ካላገኙ በቪዲዮ የሚያስተምር ባለሙያ ይፈልጉ፤ የኢንተርኔት መስመሩ ድምፁን ቢያበላሸውም የከንፈርና የትከሻ አያያዝዎን ማየት ይችላል፣ በመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልግዎም በዋነኛነት ያ ነው።

ጥያቄ፦ ከነታንያ ነው የምጽፈው፤ ዕድሜዬ 56 ነው። ኦቦ ለመጀመር አስባለሁ፤ ነገር ግን ለግላኮማ የዓይን ጠብታ እወስዳለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ ሳይጀምሩ የዓይን ሐኪምዎን ያማክሩ። እንደ ኦቦ ከፍተኛ ግፊት የሚጠይቁ የትንፋሽ መሣሪያዎች ሲነፉ የዓይን ውስጥ ግፊት ለጊዜው ከፍ እንደሚል በጥናት ታይቷል፤ ሲያቆሙ ይመለሳል፣ ይሁን እንጂ ግላኮማ ላለበት ሰው ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለሐኪምዎ «ሙዚቃ ልማር ነው» ብቻ አይበሏቸው፤ በብርቱ ግፊት የሚነፋ መሣሪያ መሆኑን፣ በቀን ስንት ደቂቃ እንደሚጫወቱም ያስረዷቸው። ካልፈቀዱልዎ ቃላቸውን ይቀበሉ፤ ያንኑ ለስላሳ ዜማ የሚሰጥ፣ ትንፋሽ የማይጠይቅ መሣሪያ አለና፣ ቼሎን እንዲሰሙት እመክርዎታለሁ።

ጥያቄ፦ ለንደን የምኖር የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። ኦቦ የጀመርሁት ከስድስት ወር በፊት ነው። አስተማሪዬ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን የሚሰጠኝ ሁሉ የአውሮፓ የልጆች ዜማ ስለሆነ ልቤ አልተሳበም። ትዝታን በኦቦ መጫወት ይቻላል? ወይስ ይህን ለማሰብ ገና ነኝ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ገናም አይደለህም። እንዲያውም ለኦቦ ጀማሪ ከአውሮፓው ሙሉ ስኬል ይልቅ የእኛ አምስት ድምፅ ይቀላል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ላሳይህ።

ሜጀር ትዝታን ከሶል ብትጀምር ድምፆቹ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ናቸው። አሁን ሬ እና ሚን ከሶል በታች አድርጋቸው። ሲ በግራ እጅ አንድ ጣት፣ ላ በሁለት፣ ሶል በሦስት ነው፤ በእነዚህ ላይ የቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች ሲጨመሩ ሚ፣ ሦስተኛው ሲጨመር ሬ ይሆናል። ለጀማሪ ሁሉ መሰናክል የሆነው ፋ በዚህ ውስጥ ጨርሶ የለም፤ የአመልካች ጣት ማንሸራተት የለም፤ የኦክታቭ ቁልፍም የለም። ከሬ እስከ ሲ ጣቶችህ በተራ ይነሳሉ፣ በተራ ይወድቃሉ። ብቸኛው ዝላይ ከሚ ወደ ሶል ሲሆን፣ በዚያ የቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች በአንድ ጊዜ መነሳት አለባቸው፤ አንዱ ከዘገየ በመካከል ፋ ዲየዝ ብልጭ ይላል። ያን ቦታ ለብቻው፣ በጣም በዝግታ፣ ጣቶችህን ከቁልፎቹ ሳታርቅ ደጋግመው።

ሌላም ትርፍ አለው። ያንኑ አምስት ድምፅ ይዘህ ማረፊያህን ከሶል ወደ ሚ ብታዛውረው፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ ማይነር ባቲ ይሆንልሃል፤ አንድም አዲስ የጣት አቀማመጥ ሳትማር ሁለተኛ ቅኝት አገኘህ ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልግህ ላይኛው ሬ አሁን እስክትደርስበት ድረስ በታችኛው ተጠቀም። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ይቆዩ፤ በግማሽ ድምፅ ልዩነት የሚጠጋጉ ድምፆች ስላሏቸው በኦቦ ላይ ጣት የሚያወሳስቡ ቁልፎችን ይጠይቃሉ፣ ያልጸና ከንፈርም ልዩነቱን ያበላሸዋል።

ስለ አጨዋወቱ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ትዝታ የሚባለው ዜማ ያለ ጉሮሮ ጨዋታ፣ ያለ መንሸራተትና ያለ መንቀጥቀጥ አይጠግብም፤ አንተም መሲንቆውንና ድምፃውያኑን እየሰማህ ስላደግህ ከንፈርህ ወዲያውኑ ይህን ሊያደርግ ይቸኩላል። ኦቦ በከንፈር ጫና ብቻ ድምፁን ዝቅና ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ ስለሆነ ፈተናው ብርቱ ነው። ለአሁኑ እያንዳንዱን ድምፅ ከመቃኛ ጋር፣ ሳይወዛወዝ፣ ከቀስታ ወደ ጉልህ፣ ከጉልህ ወደ ቀስታ መያዝ እስክትችል ድረስ ጌጡን አቆየው። ጉልህ ስትሆን ድምፁ ከፍ ካለ ከንፈርህን አላላው፣ ቀስ ስትል ከወረደ በመንጋጋህ አትንከስ፣ ከሆድህ የሚወጣውን ግፊት አጽናው። ያ ሲጸናልህ ከላ ወደ ሶል በሚወርደው ላይ ጣትህን ቀስ ብለህ በማንሳት ሳይሆን በመዝጋት፣ አንድ መንሸራተት ብቻ ጀምር።

ለአስተማሪህም ንገረው። ዜማውን በኖታ ጻፍለት፣ ካልቻልህ አዚምለትና እርሱ ይጻፈው፤ ከዚያ ሁለተኛውን ድምፅ በራሱ ኦቦ ይዞልህ ሶልን ከታች እያቆየ አንተ በላዩ ተጫወት። ከተያዘ ሶል በላይ የምትነፋው ሲ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ጆሮህ ወዲያው ይነግርሃል፤ ይህን ልምምድ ከትምህርት ሰዓታችሁ የመጨረሻ አሥር ደቂቃ ላይ እንዲያደርግልህ ጠይቀው።